የማስጠንቀቂያው ባለቤት

በሩን የከፈተችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ያዩት ግን እሷን አይደለም።

«እማማ፣ የቤቱ እመቤት አሉ?» አለቻት ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጣችው ልጅ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ሳሎኑ እያየች።

«አንዷን እያናገርሻት ነው። ሁለተኛዋ ፊቷን እየተቀባባች ነው» አለች ሰፊዋ።

ልጅቷ ሳቅ ብላ አለፈቻት። ካሜራ ያዡ፣ ጉልበቱ ድረስ ኪስ ያለው ሱሪ የለበሰ ዘለግ ያለ ሰው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ተሸክሞ ተከተለ። ከገቡ ጀምሮ ሰፊዋ ከእነሱ ያገኘችው ነገር ቢኖር ትእዛዝ ብቻ ነው። ድምፁ ይረብሻል ብለው ፍሪጁን አስነቀሏት። መጋረጃውን አስዘጓት። በመጨረሻ ካሜራ ያዡ የስፌት መኪናዋን አየና፣ «ይቺን ወደ ኮሪደር ብናወጣትስ? ከጀርባ ስትታይ ታጨናንቃለች» አለ።

አርባ ዓመት ያኖረቻት መኪና ናት። ሰፊዋ ራሷ ገፍታ አወጣቻት። ለእነሱ ብትተዋት መርገጫዋን ይሰብሩባት ነበር። እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ ቀረች። ሳሎኑ ከዚያ በደንብ ይታያል።

ሁለቱ እህቶች ባሎቻቸው ከሞቱ በኋላ ነው አንድ ቤት የገቡት። ታናሺቱ በወጣትነቷ በቴሌቪዥን በየሳምንቱ በሚታይ አስቂኝ ድራማ ላይ ዘበኛ ሆና ትሠራ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚወርድ ካፖርት ለብሳ፣ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ። እስከ ዛሬ ገበያ ስትወጣ «ዘበኛዋ» እያሉ ይስሟታል። ካፖርቱን የሰፋችው ታላቂቱ ናት። እሷን የሳመ ሰው የለም።

አሁን ጣቢያው ያንን ድራማ እንደገና ሊያሳየው ነው። ግን ጊዜው ተለውጧል፤ ያኔ ያሳቀው ሁሉ ዛሬ አያስቅም ተብሎ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ነው። የጣቢያውን ማስጠንቀቂያዎች የምትጽፈው ልጅቷ ናት። የመጣችውም ዘበኛዋ ስለ ቀልዷ ሁለት ሦስት ቃል እንድትናገር፣ ንግግሯም ከማስጠንቀቂያው ጋር እንዲታይ ነው።

ታናሺቱ ከጓዳ ወጣች፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ መናገር አያሻም። መብራቱ ሥር ከተዘጋጀላት ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተደላድላ ተቀመጠች።

«የጻፍኩትን ላንብብልዎት» አለች ልጅቷ፣ ወረቀቷን አቃንታ። «'የሚከተለው ዝግጅት የተሠራው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ዘበኛዋ የምታቀርበው ቀልድ የመናገር ችግር ያለባቸውን ሰዎች ያሳንሳል። ያኔም ስሕተት ነበር፣ ዛሬም ስሕተት ነው። ቆርጠን ያላወጣነው ያልነበረ ለማስመሰል ስላልፈለግን ነው።'»

«ያምራል» አለች ታናሺቱ።

ያምራል ትላለች፣ አለች ሰፊዋ በሆዷ፤ የሠርግ መጥሪያ የተነበበላት ይመስል። ሌላው ሰው ሲወቀስ አንገቱን ይደፋል፤ ይቺ ስትወቀስ እንኳ መብራት ይበራላታል።

«አንዲት ነገር ልጠይቅዎት» አለች ልጅቷ። «እንግዶች በር ላይ ቆመው ዘበኛዋ ቃሉ አልወጣ ሲላት፣ ጭኗን በመዳፏ ሦስቴ መታ መታ ታደርጋለች። 'ግቡ' የምትለው ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ከሄዱ በኋላ ነው። እናቴ እስካሁን ያቺን ቀልድ እያነሳች ትስቃለች። ከየት አመጧት?»

ታናሺቱ ወደ ኮሪደሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ከራሴ ነው። ከማንም አልወሰድኩም።»

«ውሸት ነው» አለች ሰፊዋ።

ካሜራ ያዡ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ድምፅ ገባብን።»

«ይግባ። ቀልዱ የእኔ ነው።»

ልጅቷ ዞረች። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ የስፌት መኪናዋን አየች። «እማማ፣ እርስዎ ልብስ ሰፊ አልነበሩም እንዴ?»

«ሰፊ ምላስ የለውም ያለሽ ማነው? ካፖርቱን ስለካት ነው ቀልዱን የሰጠኋት። ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ አንዷን ሳልጥል። በሳቅ ተንፈራፍራ ብብቷን መለካት አቅቶኝ ነበር። ይኸው አለች፣ ጠይቂያት።»

«አልተጠራጠርኩዎትም። ለዚህ ሥራ አሥራ አንድ ሰው አነጋግሬአለሁ። ሁሉም 'እኔ አይደለሁም፣ ደራሲው ነው፣ አዘጋጁ ነው' ይሉኛል። የእኔ ነው ብሎ የመጣልኝ ሰው ስለሌለ ገርሞኝ ነው።»

«እነሱ ምን ሠርተው የእኔ ይበሉሽ?»

«እትዬ፣ ተይው» አለች ታናሺቱ ቀስ ብላ።

እትዬ መተዉን ድሮ ነው የተወችው። ወደ ሳሎኑ ገብታ ከመብራቱ ፊት ቆመች። ትከሻዋን ሰበር፣ አገጭዋን ወደ ፊት ቀሰር አደረገች። መዳፏ ጭኗ ላይ አረፈ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከንፈሯ ቃሉን ሊያወጣ ታገለ፤ ዐይኗ የሄዱትን እንግዶች እስከ አጥሩ ጥግ ሸኘ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለባዶው በር «ግቡ» ያለችው።

ካሜራ ያዡ ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። አፉን በእጁ ያዘ።

ሰፊዋ እህቷን አየቻት። አየሽ፣ አለቻት በዐይኗ። አየሽ የማን እንደሆነ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ጎበዝ ነዎት» አለች። «ማንን እያዩ ነው የተማሩት?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። ሰፊዋ ቀሚሷን እንደማስተካከል አለች።

«ባሌን» አለች በመጨረሻ።

ባሏ አናጺ ነበር። ደህና ቀን ሲሆንለት ቃሉ እንደ ሰው ይወጣል፤ ሲያስቸግረው ጭኑን መታ መታ ያደርጋል። ድራማው ከታየ በኋላ የሰፈሩ ሕፃናት ከኋላው እየተከተሉ ጭናቸውን ይመቱ ጀመር። አናጺው እንጨት ሲገዛ እንኳ በጣቱ እያመለከተ መግዛት ያዘ። ከሚስቱ እህት ጋር ተቆራረጠ፤ እስኪሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደጇን አልረገጠም። ማታ ማታ እህቷን ሲያማ ሰፊዋ ትሰማለች። «ዝና አሳብዷት ነው፣ ተዋት» ትለዋለች። እንዲያውም አንዳንዴ ሐሜቱን ታግዘው ነበር።

«ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ ነበር» አለች ታናሺቱ።

«ማን?»

«ጋሼ ነዋ፣ ባልሽ። ካፖርቱን ሳላወልቅ በር ላይ ጠበቀኝ። 'ማን ነገረሽ' ብሎ እስኪጨርስ፣ እትዬ፣ እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ራሴ ነኝ፣ ቤታችሁ ስመጣ አይቼህ ነው አልኩት። 'እሷ ታውቃለች?' አለኝ። አታውቅም አልኩት።»

«እሱስ?»

«ደስ አለው። እኔን ረግሞኝ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ወደ አንቺ።»



አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። ሰው ቢሆን እህቱን አቅፎ ያለቅሳል፤ ሰፊዋን ግን ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። እህቷ ቀልዷን ወሰደችባት፤ እሺ። መሳሙን ወሰደችባት፤ እሺ። ይባስ ብላ ጥፋቷንም ወስዳ፣ ከሰፊዋ ባል ጋር ሰፊዋ የማታውቀው ምስጢር ይዛ ኖረች። ሰውየው ለዚያች ለአንዲት ጥያቄ ስንት ጊዜ ጭኑን እንደመታ የቆጠረችው እህቷ ናት። ሚስቱ አይደለችም። እቤት ቁጭ ብላ እጅጌ ስትቀመቅም ነበር።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እማማ፣ ከፈቀዱ ማስጠንቀቂያው ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ። 'ቀልዱ ከቤተሰብ የተወሰደ ነው' ብዬ፣ ሳልዘረዝር።»

«ቤተሰብ ምን አደረገሽ? ቤተሰብ አላደረገውም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።» ወደ ካሜራ ያዡ ዞረች። «ያ ነገርህ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እማማ።»

ሄዳ ከእህቷ ፊት ቆመች። ጥላዋ ሰማያዊውን ቀሚስ ሸፈነው።

«ተነሺ» አለቻት።

«እትዬ፣ ሰው እኮ ይሰማል። ልጆችሽ ያያሉ። አባታቸው ነው።»

«ይዩ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእነሱ ልንገራቸው። ይህን ሁሉ ዘመን የተቀመጥሽበት የእኔ ቦታ ነው፤ ክብሩም፣ እርግማኑም። ከወንበሩ ተነሺልኝ።»