ከድንበሩ ውስጥ ሠላሳ ሁለት እርምጃ

ዌንድላ ክሮፍት በከተማችን ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። ሦስቱም ልጆቼ በእሷ አውቶቡስ ነው ያደጉት። ይህን ታሪክ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሬን ተደግፋ።

ባሏ ኦሪን አናጺ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ግን ልቡ ጂኦካሺንግ ላይ ነው። አንዱ ውኃ የማያስገባ ሳጥን ተራራ ላይ ደብቆ ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልገዋል፣ ሲያገኘው ውስጡ ባለችው ደብተር ላይ ፈርሞ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኦሪን ግን ለዚህች ጨዋታ ሲል ያልወጣው ገደል የለም፣ ሚስቱንና ልጁንም ይዞ።

አንድያ ልጃቸው ኢሞጂን አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ በኦሪን የልደት ቀን፣ ኦገስት 19፣ ሦስቱ ግሬይሆርን ተራራ ወጥተው ለሁለት በተሰነጠቀ ቋጥኝ ሥር የራሳቸውን ሳጥን ደበቁ። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብባቸው ስለዋለ ደብተሩ ላይ “ሦስት እርጥብ ካልሲ” ብለው ፈረሙ። ከቋጥኙ ትንሽ ከፍ ብሎ የእንጨት ምልክት ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥብቅ ዱር ነው። እዚያ ውስጥ ሞተር አይነሣም፣ ቤት አይሠራም፣ ሰው ይዞት የገባውን ሁሉ ይዞት ይወጣል። ኦሪን ሕግ አክባሪ ስለሆነ ሳጥኑ ከምልክቱ በታች መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጦ ነው የወረደው።

ኢሞጂን አድጋ አላስካ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ሥራ ያዘች። በሁለተኛው ዓመቷ ኦሪን ቆሽቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሞቹ እስከ መኸር ይቆያል አሉ። ዌንድላ ለልጅቷ አልነገረቻትም። የዓሣው ወቅት ሲያልቅ ትመጣለች፣ ያኔ ትሰማለች ብላ ዝም አለች። ኦሪን ግን መኸርን አልጠበቀም፤ ጁላይ ላይ ሞተ። ኢሞጂን መርዶው ደርሷት የመጣችው በተቀበረ በሁለተኛው ቀን ነው። ማዕድ ቤቱ መሀል ቆማ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ፣ “የኔን ውሳኔ አንቺ ወሰንሽልኝ” አለቻት። ተመልሳ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ቁጥሯ ተቀየረ። ዌንድላ የላከቻቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ተመልሰው መጡ። አራት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ጁን መጀመሪያ ላይ፣ የጥብቅ ዱሩ ጠባቂ ቶባያስ ሬንፍሮ ደወለላት። እሱም ድሮ ከአውቶቡሷ ልጆች አንዱ ነበር።

“ሚስ ዌንድላ፣ ድንበሩ እንደገና ተለክቶ ነበር። ምልክቱ ድሮም ያለቦታው ነው የቆመው። ሳጥናችሁ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።”

“እና ሳጥኑ ምን ጎዳችሁ? የአንድ ዳቦ ያህል ነው እኮ!”

“አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዳላየሁ ሆኜ ነው የከረምኩት። አሁን ግን አለቃዬ ሊመጣ ነው። ራስዎ ቢያወጡት ይሻላል ብዬ ነው፤ እኔ ባነሣው ደስ አይለኝም።”

ኦሪን ከሞተ ጀምሮ ዌንድላ ግሬይሆርንን አልረገጠችም። የጉልበቷም ጅማት አንድ ጊዜ ተበጥሷል። ቢሆንም በማግሥቱ ከቶባያስ ጋር ወጣች። መንገዱ ላይ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበር፣ እሱ ከፊት እየረገጠ ዱካ ያወጣላታል።

“አውቶቡሴ ውስጥ ስትጮህ እንደዚህ ደግ ትሆናለህ ብዬ አላሰብኩም” አለችው።

“እኔ አልጮህኩም! ያ ወንድሜ ነው።”

“ሁለታችሁም ናችሁ። መስታወት ነበረኝ እኮ፣ ሁሉንም አያለሁ።”

ቋጥኙ ጋ ደርሳ እጇን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደች። ሳጥኑ እንዳለ ነው። ከፍታ ደብተሯን አወጣችና የማታውቃቸውን ሰዎች ፊርማ እያገላበጠች ሳለ እጇ ቆመ። “ኦገስት 19። አንድ እርጥብ ካልሲ።” የልጇ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ጅራት ያላቸውን ሆሄዎች እንደ ልጅነቷ ወደ ግራ ትጠመዝዛቸዋለች። ገጹን ገለጠች። የሚቀጥለው ዓመት፣ ኦገስት 19፣ አንድ እርጥብ ካልሲ። በሦስተኛው ላይ “እርሳሱ አልቆ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ” የሚል ተጨምሯል። በጠቅላላው አራት ጊዜ።

ለአራት ዓመት ልጇ ከቤቷ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ትመጣ ነበር ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ላይ አንድም ቀን አልመዘገበችም፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ። ዌንድላ በረዶው ላይ ቁጭ አለች።

ቶባያስ ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን አወለቀ።

“አዲሱን ቦታ ኢንተርኔቱ ላይ ብናወጣም ስልክ አታይም” አለች ዌንድላ። “ቦታውን በልቧ ነው የምታውቀው። ሳጥኑን ብናወርደው መጥታ ባዶ ነው የምታገኘው። ቶቢ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ድንጋይ ሥር ላስቀምጥላት።”

“አይቻልም፣ ሚስ ዌንድላ።”

“አንዲት ቁራጭ!”

“ወረቀትም ቢሆን የተተወ ነገር ነው። ለእርስዎ ፈቅጄ ነገ ሌላውን ምን ብዬ እከለክላለሁ?” ወደ ሸለቆው አየ። “ሰው መጥቶ መቀመጥ ግን ይችላል። ሰው አልተከለከለም።”

ሳጥኑን አውርደው ከትክክለኛው ድንበር በታች ከአንድ የወደቀ ግንድ ሥር ደበቁት።

ኦገስት 19 እስኪደርስ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ስትነግረኝ ሳቀች፤ ያልተለማመደችው ንግግር የለም። ሳህን ስታጥብ ታወራለች፣ መኪና ስትነዳ ታወራለች። ሐኪሞቹ ያሉትን፣ መርከቡ መሀል ባሕር እንደነበረ፣ ሁሉንም ምክንያት በተራ አሰናድታ ጨርሳለች። ቀኑ ሲደርስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት ጀመረች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቋጥኙ ጋ ደርሳ ጥላ ያለበት ጎን ተቀመጠች።

ባልና ሚስት ውሻ አስከትለው አለፉ። ሰላም ተባባሉ። እኩለ ቀን ሆነ። የለውዝ ቅቤ ሳንድዊቿን አውጥታ ሳትበላው መልሳ ጠቀለለችው። ደመና መጣ፣ ሄደ። ጥቂት ጥቋቁር የጫካ ፍሬ ለቅማ በባርኔጣዋ ያዘች፣ ኢሞጂን ትወደው ስለነበር። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዘንድሮ ቀርታለች ብላ ልትነሣ ስትል፣ ከምሥራቅ በኩል ባለው መንገድ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ሴት ወጣች። ግራ ቀኝ አላየችም። ቀጥ ብላ መጥታ ተንበርክካ እጇን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች። ፈለገች። እስከ ትከሻዋ ገብታ ፈለገች። ከዚያ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

ዌንድላ ጀርባዋን እያየች ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

“ዝቅ ብሎ ነው ያለው” አለች። “ሠላሳ ሁለት እርምጃ።”

ኢሞጂን አልዞረችም። “ማነው ያወረደው?”

“እኔና ቶቢ ሬንፍሮ። አሁን ጠባቂ ሆኗል።”

“ያ ንፍጡ የሚዝረከረከው ቶቢ?”

“እሱ ራሱ። አሁን ይጠርገዋል።”

ሳቅ የሚመስል ድምፅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ዞራ እናቷን አየቻት። ፀሐይና ጨው ፊቷን አጥቁረውታል፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት ሳይሆን ከዚያ በላይ ትመስላለች።

“ለምንድነው ያልነገርሽኝ?”

“ሐኪሞቹ…” ብላ ጀመረች ዌንድላ፣ ከዚያ ተወችው። “አይደለም። ፈራሁ። አንቺ ከመጣሽ እውነት መሆኑ ነው። አንቺ እስክትመጪ ድረስ የሚሞት አልመሰለኝም ነበር።”

“እኔ እጁን ልይዘው ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልነበረም።”

“አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።”

“አታውቂም፣ እማ።”

“እሺ። አላውቅም።”

ኢሞጂን ከጎኗ ተቀመጠች፤ በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትታ። ሳንድዊቹን ለሁለት ቆርሰው በሉ። ፍሬውን ኢሞጂን ብቻዋን ጨረሰችው። ኦሪን መጨረሻ ላይ ምን አለ ብላ ጠየቀች፣ ዌንድላም ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት፦ የጣሪያውን ውኃ መውረጃ አላስተካከልኩትም እያለ ይጨነቅ ነበር፤ ከዚያ ኢሞጂን የት ደረሰች ብሎ ጠየቀ። ኢሞጂን ይህን ስትሰማ ፊቷን በጃኬቷ እጅጌ ሸፍና ረዥም ሰዓት አለቀሰች። ዌንድላ እጇን ልትዘረጋ ፈልጋ አልደፈረችም። ኋላ ላይ ግን ያቺ በመሀላቸው ያለች ክፍተት ማን እንደዘጋት ሁለቱም ሳያውቁ ተዘጋች።

ቤት ነይ አላለቻትም። ምላሷ ላይ ነበር፣ ዋጠችው። ኢሞጂን ሲያትል አቅራቢያ ጀልባ መጠገኛ ውስጥ እንደምትሠራ ነግራት፣ ቁጥሯን እናቷ ስልክ ላይ መዘገበችና በመጣችበት በምሥራቁ መንገድ ወረደች። ሰማያዊው ጃኬት በዛፎቹ መሀል ጠፍቶ እንደገና ሲታይ፣ እንደገና ሲጠፋ፣ ዌንድላ ቆማ አየች።

አምስት ቀን ራሷን ከልክላ በስድስተኛው ደወለች።

“እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ቆይቼ ልደውል?”

“ደውዪ፣ ደውዪ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።”

ኢሞጂን ስልኩን ሳትዘጋው ኪሷ ከተተችው መሰለኝ አለችኝ ዌንድላ። የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፣ የባሕር ወፎች ጩኸት፣ ልጇ ከሩቅ አንዱን ሰው “ቀስ በል፣ ቀለሙ አልደረቀም!” ስትል ይሰማል። ዌንድላ ትንፋሿን ይዛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች መስኮቱ ጋ ቆመች፣ መስመሩ በራሱ እስኪቋረጥ።