ማሂራን ማን ያረጋጋታል

የማሂራ ድምፅ አጋሮ ላይ ከፍ ሲል ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ጋደም ያለ ሰው ብድግ ይላል። ይህን የሚጠራጠር ካለ በዚያ ማክሰኞ የቡናው መጋዘን በር ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ስድሳ ጆንያ ጀንፈል፣ ከነገለባው ያደረቀችውን የዓመት ልፋቷን፣ አስጭና መጥታለች። ገዢው ከባህር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ወኪሉና አስተርጓሚው ደግሞ ጅማ ያደገው ዳግማዊ። ዳግማዊ ከአንዱ ጆንያ እፍኝ ዘግኖ እርጥበት መለኪያው ውስጥ ጨመረ። አሥራ ስድስት በመቶ አለ። ከአሥራ ሁለት ካለፈ እርጥብ ነው ተባለና ጫኞቹ ጆንያውን ወደ መኪናው መመለስ ጀመሩ።

ማሂራ ጀንፈሉን ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። የደረቀው ፍሬ ገለባው ውስጥ እንደ ከበሮ ይመታል። ይህ ጆሮ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ጮኸች። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሦስት ምስማር ጣለ። እንግዳው መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ እያደረገ፣ "ካልም ዳውን" አላት።

"አዴ ማሂራ፣ ትንሽ ይረጋጉ ነው የሚልዎት፤ በአክብሮት ነው" አለ ዳግማዊ ሊያለሳልሰው።

ሁለቱም ያላወቁት፣ ማሂራ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ መምህርት ጽዮናዊት ዘንድ አንድ ክረምት ሙሉ እንግሊዝኛ መማሯን ነው። መምህርቷ ይህን ግስ ስታስተምር፣ ማዕበል ይረጋጋል፣ ያለቀሰ ሕፃን ይረጋጋል፣ ሰውም ስለ ራሱ ተረጋጋሁ ይላል ብላለች። እውነት ይዞ ለሚሟገት ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ከተባለ ግን አፍህን ዝጋ እንደማለት ነው፣ ተጠንቀቁ ብላም ነበር።

ማሂራ ዳግማዊን፣ አክብሮትህን ለሌላ አስተርጉም አለችው። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞራ በገዛ ቋንቋው ተናገረች።

"እኔ ማዕበል አይደለሁም። ሕፃንም አይደለሁም። ተቆጥቻለሁ፣ ልክም ነኝ። መጀመሪያ ፈልፍሉት፣ ከዚያ ለኩት።"

እንግዳው ዳግማዊን አየው። መለኪያው የተፈለፈለ ፍሬ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዳግማዊ ከነገለባው ጨምሮታል። ወኪሉ አንገቱን ደፋ። ማሂራ ሙቀጫ አስመጥታ ራሷ ወቀጠች፤ ገለባውን እፍ ስትለው ግማሽ መጋዘን አይኑን አሸ። ተለካ። አሥራ አንድ።

እንግዳው ይቅርታ ጠይቆ ቡናው ይግባ አለ። ማሂራ ግን መኪናው ላይ ወጥታ ቆመች። ጆንያውን የመለሰ ሁሉ መልሶ ያወርዳል፣ ያስመለሰውም ጭምር፣ አለች።

"ወላሂ፣ የመጨረሻው ጆንያ እስኪገባ ድምፄን አልቀንስም።"

ዳግማዊ ከረባቱን ፈትቶ የመጀመሪያውን ጆንያ ትከሻው ላይ አደረገ።

"ወገብህን ቀና አድርግ" አለችው ከላይ ሆና።