ሠላሳኛው ፋኖስ

ሙፍቲው በቴሌቪዥን "ጨረቃ ታይታለች፤ ነገ ኢድ ነው" ብለው ሳይጨርሱ ቢሮው በእንኳን አደረሳችሁ ተሞላ። ወጅዲ ብቻ ወደ አፉ የወሰደውን የምስር ሾርባ ማንኪያ ሳህኑ ላይ መለሰው። ረመዳን ዘንድሮ በሃያ ዘጠኝ ቀን አለቀ። እሱ ደግሞ ጨዋታው ላይ ሠላሳ ብሎ ጽፏል።

ጨዋታው ድርጅታቸው የሠራው፣ በስልክ የሚጫወቱት ነው። አንድ ጠባብ የሰፈር መንገድ አለ፤ ተጫዋቹ በየምሽቱ ካፈጠረ በኋላ ገብቶ አንድ ፋኖስ ያበራል። አንድም ቀን ሳይዘል ሠላሳውን ያበራ ሰው በመንገዱ መጨረሻ ያለው የአያት ቤት በር ይከፈትለታል። አምና ወሩ ሠላሳ ሞልቶ ስለነበር ወጅዲ የአምናውን ገልብጦ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ቀይሮ አለፈ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የጾመ ሰው ወሩ ሃያ ዘጠኝም እንደሚሆን መርሳቱ ለሰሚውም ግራ ነው። ግን አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፣ ደክሞታል፤ የደከመው ሰው የገዛ ስሙንም ይረሳል።

"ሃያ ዘጠኙን ያበራው ስንት ሰው ነው?" አለች ሩላ፣ የድርጅቱ ባለቤት። ዎልነት የተሞላውን የረመዳን ጣፋጭ፣ ቀጣይፏን፣ እንደያዘች ከጀርባው ቆማለች።

"አሥራ አንድ ሺህ።"

"አንድም ቀን ሳይዘሉ?"

"አንድም ቀን።"

የስሞታው ጎርፍ ወዲያው ጀምሮ ነበር። አንዱ ሌቦች ይላል። ሌላው ለደረሰበት የሞራል ጉዳት መቶ የጨዋታውን የወርቅ ሳንቲም ይጠይቃል። አንዲት የኢርቢድ ከተማ ሴት "ቀዶ ሕክምና በተደረገልኝ ቀን እንኳ አብርቻለሁ፤ ምን ያጎደልኩት ነገር አለ?" ብላ ጽፋለች። ወጅዲ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ነገ እንዲያበሩ አንድ ቀን ብንጨምርስ?" አለ።

"በኢድ ቀን የረመዳን ፋኖስ? አማን በሙሉ ይስቅብናል።" ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሠላሳኛውን በግማሽ ዲናር እንሽጠው።"

"ስህተቱ የኛ ሆኖ?"

"በነጻ ብትሰጣቸውስ ያመሰግኑሃል? ለምን ዘገየህ ብለው ይሰድቡሃል እንጂ። አልደብቅህም፣ ወጅዲ፤ ከኢድ በኋላ አንድ ሰው መቀነስ አለብኝ። ፋኖሱ ከተሸጠ ግን ማንንም አልነካም።"

ማንን እንደሆነ አልነገረችውም። መንገርም አያስፈልግም፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ከሁሉም የሚበልጥ ደመወዝ የሚበላው፣ ሥራውንም ከሁሉም ዘግይቶ የሚያስረክበው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች አሉት።

"ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ አንተው ጨርሰው" አለች ስትነሳ። "ሽያጩ እስከ ማታው የዒሻ ሰላት ይለቅ።" ክፉ ሰው አይደለችም። እሷም እንደ እሱ ገንዘቡ እስከ ወር መጨረሻ አልደርስ ያላት ሰው ናት።

ስልኩ ጠራ። ታላቅ ወንድሙ ናዝሚ ነው፤ ከዘርቃ አማን ሚኒባስ ይነዳል።

"እንኳን አደረሰህ። በሩ የታለ?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ወሩን ሠላሳ ብዬ ጽፌው ነው።"

"አንተ? ልጅ ሆነን ወሩ በሃያ ዘጠኝ ሲያልቅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጨፍር የነበረው ማን ነበር?"

"ደክሞኝ ነው፣ ናዝሚ።"

"እኔስ? ሾርባዬን ሳልጨርስ ፋኖስ ሳበራ፣ ሚስቴ ይሄ ሰውዬ ጃጀ እንዴ እያለችኝ ወር ሙሉ ተሳለቀችብኝ።"

"በግማሽ ዲናር ልንሸጠው ነው።"

"እሺ፣ እከፍላለሁ። ግማሽ ዲናር ምን አላት? ከፍዬ በሩን አያለሁ፤ ከዚያ ከስልኬ ላይ አጠፋዋለሁ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ለወጅዲ ይሻለው ነበር።

"ሰዉ እኮ አመሉ ተበላሽቷል" አለ ወጅዲ፤ ንዴቱ መጣ። "ትንሽ ነገር ስትጎድል ካሳ፣ ይቅርታ፣ ስጦታ። እኛ ማንን ነበር የምንከሰው? ያን ጉድጓድ ረሳኸው?"

"ስምንተኛው ደረጃ ላይ ያለውን? እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ? አውራ ጣቴ ተልጦ ነበር።"

አባታቸው ከሱቅ በርካሽ ገዝቶ ያመጣላቸው ቢጫ የቴሌቪዥን ጨዋታ ካሴት ነበር። በአፋቸው ካልነፉበት አይሠራም፤ የደረሱበትን ማስቀመጥ ስለማይቻልም መሣሪያውን እንደበራ ብርድ ልብስ ያለብሱትና እናታቸው እንዳታጠፋው ተራ ይጠብቃሉ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ሰፊ ጉድጓድ አለ። የትምህርት ቤቱን እረፍት በሙሉ፣ ሐምሌን ከነነሐሴው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲዘሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቁ ከረሙ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ተዉት። ጨዋታው ላይ ስህተት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ጥፋቱ የጣታቸው ነበር።

"አንተ ነበርክ የምትዘገየው" አለ ናዝሚ እየሳቀ።

ወጅዲ ሊስቅ ብሎ አቃተው። ይህን ነገር አሥራ ሰባት ዓመት በሆዱ ይዞታል።

"አይዘለልም ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"ጉድጓዱ። ካሴታችን ተሰርቆ የተገለበጠ ነበር፤ ሲገለብጡት ተበላሽቷል። ዋናው ላይ ድልድይ አለ። የኛው ላይ የለም። ይህን ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው ደህናውን ያየሁት።"

ናዝሚ የልጆቹንና የርችቱን ጫጫታ ሸሽቶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

"በጥፊ መትቼህ ነበር እኮ" አለ። "በአንተ ስንፍና ነው ብዬ።"

"ሁለቴ።"

"ሁለት ወር ሙሉ፣ ወጅዲ። ወላሂ እኔ ለዚህ ነገር እጄ አይረባም ብዬ ነው ያደግኩት። አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ ቢነግረን ምን ነበረበት?"

"ቆይ፣ ልደውልልህ" ብሎ ወጅዲ ዘጋው።

ሾርባው ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ወደ ጎን ገፋ አደረገውና ሠላሳ የሚለውን ቁጥር ፈልጎ አገኘው። አጥፍቶ ሃያ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ከዚህ የቀለለ ሥራ ዓመቱን ሙሉ አልሠራም።

ለተጫዋቾች የሚላከው መልእክት እንደ ወትሮው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ "ውድ ደንበኞቻችን፣ ባጋጠመ ቴክኒካዊ ምክንያት" ይላል። ያንንም አጠፋው። ፈርቷል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ፊቱ ላይ ድቅን ብሏል። ቢሆንም ጻፈ።

"ወሩን ሠላሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ ያጎደላችሁት የለም፤ ሃያ ዘጠኙን በደንብ አብርታችኋል። በሩ ተከፍቷል። ወጅዲ አል-ኸጢብ።"

አሥራ ስምንት ዓመት ጨዋታ ሲሠራ ስሙ ለተጫዋች ታይቶ አያውቅም። ዒሻ ሊባል ጥቂት ሲቀረው ላከው።

ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ ሩላ ስልኳን አንስታ አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ወጅዲ ከቤት ያመጣውን የሻይ ኩባያ ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ወደ ማጠቢያው ሄዶ አጠበው። ሌላ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ይደፋዋል። ዛሬ በጨርቅ አድርቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።