ቀላል ጠመንጃ፣ ከባድ ጥይት

የአጋዘን አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው መቀመጥ አቃተኝ። ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጠመንጃው እመላለሳለሁ። ከሱፒሪየር ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ በረዶውን ከበሩ ላይ ይከምራል።

ሬይኖ ብቻውን ካርታ ይጫወታል። በዚህች የጫካ ጎጆ አርባ ዓመት አብረን አድነናል።

"ኡርሆ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ። ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ።"

ወጣሁ።

በጎጇችን አንድ ደንብ አለ። በዋዜማው እያንዳንዱ አዳኝ መቶ እርምጃ ርቆ ዛፍ ላይ በተሰቀለ የወረቀት ሰሃን ላይ ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሦስቱም ሰሃኑ ውስጥ ካልገቡ በማግስቱ ጠመንጃ አይዝም፤ ምግብ ያበስላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ያቆሰላትን እንስት አጋዘን ሁለት ቀን ደሟን ተከትለን ሳናገኛት በቀረንበት ዓመት።

በሰኔ ቀኝ ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። የድሮ ጠመንጃዬ ከአራት ኪሎ በላይ ነው፤ ዳገት ይዤው መውጣት አልችልም። ስለዚህ ሱቅ ካሉት ሁሉ ቀላሉን ገዛሁ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል። ጥይቱን ግን አልቀየርኩም። ቤት ውስጥ ሦስት ፓኮ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ትልቅ ጥይት ነበረኝ፤ ለምን ይባክናል ብዬ ያንኑ የሚጎርሰውን መረጥኩ።

የልጄ ሚስት ማርሊን ያኔውኑ ነግራኝ ነበር። "አባባ፣ ጠመንጃ ሲቀል ርግጫው ይብሳል። ግፊቱን የሚውጠው ክብደቱ ነው። እንደ እኔ አነስ ያለውን ጥይት፣ ሁለት አርባ ሦስትን፣ የሚጎርስ ይግዙ።"

"እሱ የልጆች ጥይት ነው።"

"አምና የበሉት ሥጋ በእሱ የተገደለ ነው።"



ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደረሰ። የመጀመሪያው ጥይት ሰሃኑ ውስጥ ገባ። ሰደፉ ግን የተሰፋውን ቦታ መታኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለተኛው ሳተ። ሦስተኛው ከዛፉ ሥር በረዶ አስነሣ።

"ሽንኩርቱ ከበሩ ጀርባ ነው" አለ ሬይኖ።

ዘንድሮም ከእኛ ጋር ልታድን የመጣችው ማርሊን የራሷን ጠመንጃ አመጣች። ጀርባዋን ሰጥታን የጠመንጃውን መዝጊያ ከፍታ ዘጋችና አቀበለችኝ።

"አዲስ ጠመንጃ፣ አዲስ ሦስት ጥይት" አለ ሬይኖ። "ደንቡ አይከለክልም።"

አነጣጥሬ ቃታ ሳብኩ። ቀጭ አለ። ጥይት አልነበረበትም። አፈሙዙ ግን ወደ ታች ተደፋ፤ ሦስታችንም አየነው። ያልመጣ ርግጫ ሸሽቻለሁ።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"ሆን ብዬ ነው። ሰውነትዎ ፈርቷል አባባ። ማወቅ ነበረብዎት።"

ከዚያ እውነተኛ ሦስት ጥይት አጎረሰችልኝ። ይህኛው ትከሻዬን ገፋ አደረገው እንጂ አልመታኝም። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው ከሰሃኑ ጠርዝ አጠገብ የዛፉን ግንድ መታ።

ሦስታችንም ወደ ሰሃኑ ሄድን፤ ሬይኖ አውራ ጣቱን በቀዳዳውና በሰሃኑ ጠርዝ መካከል አኖረ። "ነክቷል።"

"ጣትህን አንሣ።"

"ማን ያያል? ሦስታችን ብቻ ነን።"

"አንሣ አልኩህ።"

አነሣ። አልነካም። ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ።

በማግስቱ ሁለቱም ገና ሳይነጋ ወጡ። ከጅረቱ በላይ ያለውን የእኔን የአደን መቀመጫ ለማርሊን ሰጠኋት። የአተር ሾርባውን አማሰልኩ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ እንደገና ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ገደማ ከጅረቱ በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ፤ ሁለተኛ ከመጣ እንስሳው ቆስሏል ማለት ነው። አልመጣም። ድስቱን አውርጄ ገመድ ይዤ ሄድኩ።

ወንዱ አጋዘን ከተመታበት ሠላሳ እርምጃ እንኳ አልራቀም። ከፊት እግሩ ኋላ የጥይቱን ቀዳዳ በጣቴ ፈለግኩ። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ቦታዋ ግን ልክ ነው።

"ጠመንጃሽን ለቀሪው ወቅት አውሺኝ" አልኳት።

"ሦስቱም ሰሃኑ ውስጥ ሲገቡ።"

"ነገ ጠዋት።"

"ነገ ጠዋት።"

ጥይቱን አውጥታ ጠመንጃውን ሰጠችኝ። እሷ አጋዘኑን ጎተተች፤ እኔ ጠመንጃውን በታመመው ትከሻዬ አንግቼ ተከተልኩ። በመንገድ ሁለት ጊዜ ቆሜ ባዶውን ጠመንጃ ጉቶ ላይ አነጣጥሬ ቃታ ሳብኩ። በሁለተኛው አፈሙዙ አልተነቃነቀም።