ከአባቷ የወረሰችው

ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታ አዋቂ ነበር። አንዳንድ ደንበኞቹ ፀጉራቸው ሳያድግ ወሬው ናፍቋቸው ይመጣሉ። ቤቱ ሲገባ ግን የአሥር ዓመት ልጁን ፈገግ የሚያሰኝ ቃል ጠፋበት። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወደ ግድግዳው ዞራ መተኛት ጀመረች። ምግብ ሲቀርብ ነካ ነካ አድርጋ ትተወዋለች፤ ሻይ በዳቦ ከሆነ ብቻ እሺ ትላለች።

"ቅብጠት ነው" አለች እናቷ መጀመሪያ። ሲውል ሲያድር ግን የልጇ ፊት ገርጥቶ ስታየው ፈራች። ሦስቱም ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ።

የሕፃናት ሐኪሟ ደም አስመረመረች።

"የብረት እጥረት አለባት። ድካሙንና መከፋቱን ሊያባብሰው ይችላል። የብረት ሽሮፕ አዝላታለሁ። ምግብ ላይ ሻይ ይቅር፤ ሰውነቷ ብረቱን እንዳያገኝ ያደርጋል።"

"ተመስገን! የምግብ ነገር ነው ማለት ነው" አለች እናት።

"ምግብ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። የልጅ ድባቴ ሥሩ ብዙ ነው። ከቤተሰብ እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ኧረ የለም!"

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ አለሁ።"

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። አብረው ሲኖሩ ይህን ነግሯት አያውቅም።

"ልጅ ሆኜ ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ነበር። ሰው ሰነፍ አለኝ፤ እኔም አመንኩ።"

"ስንፍና አልነበረም" አለች ሐኪሟ ለስለስ ብላ። "ዝንባሌው በዘር ሊመጣ ይችላል። የማንም ጥፋት አይደለም። ከምታነጋግራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋርም አገናኛችኋለሁ።"

ያን ቀን ከሰዓት አባት ከልጁ አልጋ ጠርዝ ተቀመጠ።

"የኔ ዓለም፣ ይሄ ነገር ከእኔ ሳይመጣብሽ አልቀረም። ይቅር በይኝ።"

ጀርባዋን እንደሰጠችው "ይሄንን አፍንጫም ያወረስከኝ አንተ ነህ። ለእሱስ መች ይቅርታ ጠየቅኸኝ?" አለች።

ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጡበት።

"አንተን ምን አሻለህ?"

"እናቴ አጠገቤ ቁጭ ትል ነበር። ምንም አትጠይቀኝም።"

"እንግዲያው አንተም ዝም በል" ብላ ጠጋ አለችለት። ለሱ ዝም ማለት ዳገት ነው፤ ቢሆንም ቻለው። እጇን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰዳት።

ነገሩ ባንዴ አልቀና። ሽሮፑ ጥርሷን አጠቆረባት፤ ከባለሙያዋ ጋር መጫወት ስትጀምርም ደህና ሰነባብታ መልሶ የሚከፋት ቀን ነበር። እናት ግን ምስሩንም እንቁላሉንም ብርቱካኑንም ከማቅረብ አልቦዘነችም።

አንድ ቀን ልጅቷ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ዛሬም ምስር? እማዬ፣ እኔ ብታገሠው እንኳ ምስሩ ራሱ ሰልችቶኛል ይልሻል!"

እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን ልጇ እንዲህ ስትነጫነጭ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ባሏን አየችው፤ እሱም አቀርቅሮ ሳቁን እየዋጠ ነው።

"እሺ የኔ እመቤት" አለች ወደ ምድጃው እየዞረች። "ምን ይሠራልሽ?"