ለራስሽ ተብሎ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው። ኃላፊዋን ግቢው ሁሉ እትዬ በረኪና ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ገና ከደረጃው ጫፍ ሽታቸው ስለሚቀድማቸው ነው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም «እትዬ ሽቶ ከምባል ይሻለኛል፤ ሽቶ ቆሻሻ ይሸፍናል እንጂ አያስለቅቅም» እያሉ ይስቃሉ። ከላይ ደም የነካው አንሶላና የሐኪም ጋዋን ይወርድላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጥፈው ወደ ላይ ይመልሳሉ።

ከአንሶላው ጋር አንዳንዴ ሰውም ይወርድላቸው ነበር። ላይ ቤት ነገር የገጠማት፣ ስሟ በየኮሪደሩ የተነሳ ሴት ስትኖር አስተዳደሩ «ነገሩ እስኪበርድ» ብሎ ወደ ምድር ቤት ይልካታል። እትዬ በረኪና ምን ሆነሽ ነው ብለው አይጠይቁም። አለመጠየቃቸውን እንደ ትልቅ ደግነት ይቆጥሩታል፤ የሰው ቁስል አይነካካም ባይ ናቸው። ወንበር ይስባሉ፣ ሻይ ይቀዳሉ፣ ቀለል ያለውን ሥራ ይሰጣሉ። እኔ ዘንድ የመጣች ከፍቷት አታድርም እያሉም ይኮራሉ። ኩራቱ አይነቀፍም፤ ብዙ ሰው በማይረባ ነገር ይኮራ የለ።

ነርሷ የወረደችው አንድ ሰኞ ጧት ነው። ነጭ ጋዋኗን አልለበሰችውም፤ እንደ እንግዳ ዕቃ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋዋለች። የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። ወሬዋ ከሷ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር እትዬ በረኪና ገና ሲያዩዋት አወቋት።

እውነቱ አጭር ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ጓንት አለቀ፤ ልታመጣ ስቶር ሄደች። የንብረት ክፍል ኃላፊው በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፤ እምቢ እያለችው፣ እየታገለችው፣ አስገድዶ ደፈራት። ቤቷ ገብታ ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ለአስተዳደር ተናገረች።

ወሬው ግን እንደ እውነቱ አጭር አልነበረም። ካርድ ክፍል ያሉት ለምን አልጮኸችም አሉ። ወጥ ቤት ያሉት ብቻዋን ስቶር ምን ትሠራለች አሉ። ሁለት ቀን ቆየች ሲባል የሰሙት ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ተሳሳቁ። ሰውየውማ የተወደደ ነው፤ መዋጮ ሲባል ቀድሞ ኪሱ የሚገባ፣ የታመመ ሲጠይቅ ባዶ እጁን የማይሄድ፣ የሴት ልጆች አባት። ግቢው አንቱ ይለዋል፤ እዚህ ግን ይቅርበት። ነርሷ ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ ነበር፤ ምስክር ይዘሽ ነይ ብለው መለሷት። በተቆለፈ ስቶር ውስጥ ምስክር ከየት እንደሚገኝ አልነገሯትም።

አስተዳዳሪዋ፣ ሴት ናት፣ ለስለስ ባለ አነጋገር ለአንድ ወር ታች እንድታርፍ መከረቻት። ለራስሽ ተብሎ ነው አለቻት። ወሩ ሲያልቅ እትዬ በረኪና «ተቀብያታለሁ» ካሉ ዝውውሩ ይጸናል፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ያለው ቦታዋም ለሌላ ይሰጣል። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ሙያ አንሶላ ማጠፍ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ሰውየው ግን የስቶሩን ቁልፍ ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ ወንበሩ ላይ ቀረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው።

እትዬ በረኪና እንደ ልማዳቸው ወንበር ሳቡላት፣ ሻይ ቀዱላት። ያን ቀን ግን የልጅቷ ጭምትነት አንጀታቸውን በላውና የራሳቸውን ደንብ ጣሱ።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ይኼም ያልፋል። ግን እንዲያው… ብቻሽን ለምን ሄድሽ?»

ነርሷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጓንት አልቆ ነበር፣ እትዬ።»

ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ የቆመችው ሴት እጇን ለአፍታ ገታ አደረገች፤ ከዚያ ማጠፏን ቀጠለች። እትዬ በረኪና አይተዋታል፤ ግን ልብ አላሏትም። እሷን ልብ ማለት ከተዉ ቆይተዋል። ስሟን ራሳቸው ናቸው ያወጡላት፣ ዝምታዬ። እሷም ከዓመታት በፊት እንደ ሌሎቹ ከላይ የወረደች ናት፤ ሌሎቹ ግን ወይ ሥራ ለቀቁ ወይ ሌላ ቦታ አገኙ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ከሷ ይልቅ ማሽኖቹ ያወራሉ እየተባለ ይቀለድባታል። እትዬ በረኪና አፈጣጠሯ ነው ብለው ደምድመዋል። ይወዷታል፤ ሲታመሙ የምታስታምማቸው እሷ ናት። የሚወዱትን ሰው ሳያውቁት መኖር ይቻላል።

ቀኑ ሄደ። ነርሷ ሥራውን ፈጥና ለመደችው፤ ማንንም አላስቸገረችም። አንድ ነገር ብቻ አልተዋትም፦ ማንኛውንም ልብስ ከመንካቷ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸች፣ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል። ሌሎቹ ሴቶች አንሶላው እኮ ገና ሊታጠብ ነው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትስቃለች፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ትደግማለች። አምቡላንስ እየጮኸ ወደ ግቢ ሲገባ ደግሞ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። ወዲያው የት እንዳለች ታስታውስና ተመልሳ ትቀመጣለች። እትዬ በረኪና ይህን ባዩ ቁጥር ሆዳቸው ይባባ ነበር። መፍትሔው ግን ሌላ ብርጭቆ ሻይ ይመስላቸው ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የካውያ ማሽኑ መጣ።

ይህ ማሽን የእትዬ በረኪና የዘመናት ልመና ነው። ያን ሁሉ አንሶላ በእጅ ካውያ እየተኮሱ ትከሻቸው ወልቋል፤ በጠየቁ ቁጥር በጀት የለም ይባላሉ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖባቸው ከተዉት ቆይተዋል። አሁን ግን ሳይጠይቁ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላቀቀ፣ በወዛደሮች ትከሻ ደረጃውን ወረደ። ከኋላው የንብረት ኃላፊው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ተከተለ።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር?» አላቸው እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ። «ይኼ ግቢ በነገር ይታመስ ነበር እኮ። የላዩን ሁሉ ታች ይዘው ያበርዱልናል። ይቺ ሲያንስዎት ነው።»

እትዬ በረኪና ደስ ብሏቸው ሊመርቁት እጃቸውን አነሱ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው ነበር፤ የቀሩት ነርሷና ዝምታዬ ማሽኑን ይዩት ብለው ዘወር አሉ። ጠረጴዛው ጋ ሰው የለም። ማጠቢያው ጋ ሰው የለም። ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ያጠሩት እንዲደርቁ የተሰጡ አንሶላዎች ብቻ ነበሩ። ከመጨረሻው አንሶላ ሥር አራት እግር ታያቸው፤ አንዱ ጥንድ የነርሷ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ሌላው የዝምታዬ የጎማ ቦቲ። ሁለቱ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንሶላው አይነቃነቅም።

ያኔ ነው ዝምታዬ ወደ ምድር ቤት ከመውረዷ በፊት የት ትሠራ እንደነበር ትዝ ያላቸው። ስቶር ነበረች፤ የዕቃ መዝጋቢ።

ያነሱትን እጅ ሳይመርቁ አወረዱት። ሰውየው ስለ ማሽኑ አሠራር አንድ ሁለት ነገር ተናግሮ፣ ቀልዶ፣ ሄደ። ቁልፉ ደረጃው ላይ እስኪርቅ ድረስ አራቱ እግሮች ከቦታቸው አልተነሱም።

እትዬ በረኪና ያን ቀን አዲሱን ማሽን አልነኩትም። በእጅ ካውያቸው እየተኮሱ አሰቡ፤ ሐሳቡም መራር ነበር። ያፈሩት በሰውየው ሳይሆን በራሳቸው ነው። ለካ የሳቸው ወንበር፣ የሳቸው ሻይ፣ የሳቸው «አይዞሽ» ለሴቶቹ መጠጊያ ብቻ ሳይሆን ለሰውየው መደላደያ ሆኖት ኖሯል። ሴቶቹን የሚያኖሩበት ሞቅ ያለ ቦታ ባይኖር ኖሮ ላይ ያሉት ሰውየውን የት እንደሚያኖሩት ለማሰብ ይገደዱ ነበር። እሳቸው ደግ በመሆናቸው ማንም አላሰበም።

በማግስቱ አስተዳዳሪዋ ጠራቻቸው። ቢሮዋ ንጹሕ ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን አንድ ወንበር አለ። እትዬ በረኪና አልተቀመጡም። ተቀብለዋታል አይደል ስትላቸው አልተቀበልኳትም አሉ። ሥራ አትችልም እንዴ ብትላቸው፣ እንደሷ ሥራ የምትችል አላየሁም፣ ነርስ ስለሆነች ነው የማልቀበላት አሉ።

«ታዲያ የት ላድርጋት፣ እትዬ?»

«ቦታዋ። ቦታዋን አልጣለችውም፤ አስጥላችኋት ነው።»

«ከሱ ጋር በአንድ ኮሪደር እየተላለፈች? ለሷም እኮ አስቤ ነው።»

«የግድ አንዱ ይውረድ ካላችሁ እሱን ላኩልኝ» አሉ እትዬ በረኪና በተረጋጋ ድምፅ። «የጉልበት ሥራ አለኝ። ያመጣው ማሽንም ከባድ ነው፤ መልሶ ይሸከመው።»

አስተዳዳሪዋ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ እውነቱን ነገረቻቸው። ነገሩ የአንዲት ሴት ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ በፍጹም ይላል። በአንዲት ሴት ቃል ሰው ከሥራ ማገድ አልችልም፣ ከበላይ ያሉት አይሰሙኝም አለች። ሌላ የደረሰባት ካለችና ከመጣች ግን መርማሪ ኮሚቴ ማቋቋም ይቻላል፤ እሱም እስኪጣራ ቁልፉን ያስረክባል፤ ነርሷም ለፖሊስ የምትይዘው ነገር ታገኛለች። ካልሆነ ሰኞ ልጅቷ እርስዎ ባይቀበሏትም ከቀዶ ጥገና ክፍል ትነሳለች አለቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ባትሆንም ክፋቱ በእሷ እጅ ነበር የሚሠራው።

እትዬ በረኪና ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ዝምታዬ ብቻዋን አንሶላ እያጠፈች ነው። ትልቅ አንሶላ ለአንድ ሰው አይመችም፤ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው፣ ተጠጋግተው ነው የሚታጠፍ። ሄደው ሌላውን ጫፍ ያዙላት። ወጠሩት፣ አጠፉት፣ ተጠጉ።

«ያን ጊዜ ምን ሆነሽ ነው ወደኛ የወረድሽው?» አሏት።

ዝምታዬ ጫፉን ተቀበለቻቸውና ዝቅ ብላ የታጠፈውን ጎን ያዘች። እንደገና ወጠሩት።

«እስከ ዛሬ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«አልጠየቅሁሽም። አጥፍቻለሁ።»

«እሷን ሲጠይቋት ግን ሰማሁ።» ድምፅዋ ካለመናገር ብዛት ሻካራ ሆኗል። ቁጣ ግን የለበትም። «ብቻሽን ለምን ሄድሽ አሏት። ሻይ እየሰጧት። ይኸው እኔንም ይሄንኑ ነው የሚሉኝ ብዬ… ልነግርዎት ያሰብኩበት ቀን ነበር፣ እትዬ። ብዙ ቀን ነበር።»

 ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆሻሻ ሲያስለቅቁ የኖሩት እትዬ በረኪና ያቺን አንዲት ቃል ከአፋቸው መልሰው የሚያጥቡበት መላ አልነበራቸውም። አንሶላው በመካከላቸው እንደተወጠረ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃቸው ስለተያዘ አልጠረጉትም።

«እኔ ደግሞ የትም አልሄድኩም» አለች ዝምታዬ። «ጠረጴዛዬ እዚያው ስቶር ውስጥ ነበር።»

ሌላ አልተናገረችም። አንሶላውን እስከ መጨረሻው አጠፉት። ነርሷ ከማሽኖቹ መካከል ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል፤ መጥታ ዝምታዬ አጠገብ ቆመች። ዝምታዬ እጇን ዘርግታ የነርሷን እጅ ያዘች። እትዬ በረኪና አስተዳዳሪዋ ያለችውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለዝምታዬ ነገሯት፤ ደግሞም ባትወጪ ማንም አይፈርድብሽም፣ እኔም ጭምር አሏት። ዝምታዬ ጥቂት አሰበች። ከዚያ የጎማ ቦቲዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ከዓመታት በፊት ለብሳው የመጣችውን ቆዳ ጫማ ከሣጥኗ አወጣች። ጠቧታል፤ ተረከዙን ረግጣ አደረገችው።

ሦስቱ ሴቶች ደረጃውን ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ካርድ ክፍል ያሉት ቀና ብለው አዩዋቸው፤ አንዷ ሰላም ልትል አፏን ከፍታ ሳትል ቀረች። አስተዳዳሪዋ በሩ ላይ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሳች። የእንግዳው ወንበር አንድ ነው፤ ዝምታዬ ተቀመጠችበት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደታጠፈ ልብስ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ፣ ልትናገር ቀና አለች።

«ግን ለምን እስከ ዛሬ…» ብላ ጀመረች አስተዳዳሪዋ።

እትዬ በረኪና እጃቸውን ዝምታዬ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ሳልጠይቃት ዓመታት፣ እንዲህ ያለውን ጠይቄ ደግሞ አንድ ወር አስከፍያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ትናገር።»