ጋራዡ ከቤት አይቆጠርም

«ሰማሽ?» አለች ሲቲና።

ሩቅያ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ሳሎኑ በለቀስተኛ ታጭቋል፤ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ፣ ወንዶቹ በር አካባቢ በታጣፊ ወንበር። «ምኑን?»

«ፓምፑን። ከጋራዥ። እዝዝዝ አለና ዝም አለ።»

«ፍሪጁ ነዋ!» ሩቅያ ታናሽ እህቷ ናት፤ ከካልቨር ሲቲ ሥራዋን ጥላ ከመጣች ጀምሮ ከጎኗ አልተለየችም። «እንቅልፍ የሚባል በዓይንሽ አልዞረም እኮ። ትንሽ ጋደም በይ፣ ፕሊስ።»

ሲቲና ፍሪጇን ታውቃታለች። ፍሪጇ ስታጉረመርም ነው የምትውለው፣ እንዲህ ብላ አታውቅም። ይኼ ጋራዥ የቆመችው የባሏ የአብዱልሰመድ ዳትሰን መኪና የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ለአፍታ ቤንዚን ገፍቶ ዝም የሚል። ቁልፉ ደግሞ ከሬሳው ጋር በመጣው ጃኬት ውስጥ ተገኝቶ ይኸው እሷ ኪስ ገብቷል። ከአንዲት አዲስ የብረት የቱቦ ማሰሪያ ጋር። ዳበሰችው። አለ። ታዲያ ማን አዞረው?

አብዱልሰመድ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ፣ ሻትሉን ፓርክ አድርጎ፣ መሪው ላይ ደገፍ እንዳለ ነው የቀረው። ልቡ ነው አሉ። ሰውየው ሲሞት እንኳ መኪና ውስጥ ነው፤ ምን ይባላል!

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» እያለ የሚገባው ሁሉ ሶፍት ያቀብላታል። ሶፍቱ ጭኗ ላይ ተከምሯል፤ አንዱም አልረጠበም። ይህንን ደግሞ ያላየ የለም።

«አንዲት ዘለላ እንባ ጠብ አላለላትም እኮ» አለች አንዷ፣ የተንሾካሾከች መስሏት።

«ድንጋጤ ነው፣ ተያት።»

ሲቲና ወደ እትዬ ፋጡ ጠጋ አለች። የሟቹ አክስት ናቸው፤ እዚህ ቤት የለቅሶው ሕግ ከእሳቸው አፍ ነው የሚወጣው። «እትዬ፣ ቤንዚን ይሸተኛል። እርስዎንስ?»

አሮጊቷ አየሩን ማግ አደረጉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሱ ነዋ፣ ልጄ። ሩሑ ናት። ሰደቃውን ልታይ መጥታ ነው።»

ሴቶቹ ሻሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወደ ጋራዡ በኩል ባለው መስኮት ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። ሲቲና ግን፣ አላህ ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። የሚሸታት ልክ ባሏ ነበር። አልጋ ላይ እንኳ ቤንዚን ቤንዚን ነበር የሚለው። እሱ ከሆነ እንግዲህ ይምጣ፣ ይሽተት፣ አይሂድ!

ያቺን ዳትሰን ከሃውቶርን ከአንድ ሽማግሌ ሲገዛት በዕድሜ ትበልጠው ነበር። ቀለሟን ቀየረ፣ ጎማዋን ዝቅ አደረገ፣ ወንበሯን ቀይ አለበሰ። መልኳ አማረ፣ ጠባይዋ ግን ያው። ሲቲናን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጋብዛት ሲወስዳት ክሬንሾው መንገድ የትራፊክ መብራት ላይ መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ጠፋች። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሲቲና ታኮ ጫማዋን አውልቃ ገፋች፤ በዚያች ቀሚስ! እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወላሂ ካርቡሬተሩን አውጥቼ ዘመናዊ ኢንጀክሽን ባላስገባላት እኔ አብዱልሰመድ አይደለሁም!» ይላል። ሲቲና ከሳቋ ብዛት መግፋት አቃታት። እዚያው ነው የወደደችው።

መሐላውን ለመፈጸም ዓመታት ፈጀበት። ከሥራ ሲመጣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጋራዥ ነው። ታንኩን አወረደ፣ ፓምፑን ቀየረ፣ ግፊት የሚችል ቱቦ ከኋላ እስከ ፊት ዘረጋ። እሷ መሪው ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ከሥር ተንጋሎ ይገባል።

«ቁልፍ!»

ታዞራለች። እዝዝዝ፣ ዝም። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሶፍት ጠረግ፣ ሶፍቱን በባትሪ መብራት አየት። «ደረቅ ነው» ይላል፣ ወደሚቀጥለው። «ደረቅ ነው።» ሌላ ሚስት ሬስቶራንት ትወሰዳለች፤ እሷ ይኼንን ነው የለመደችው። ደስም ይላታል።

የሰደቃው ቀን ጠዋት ካፊያ ጣለ። ወጡ የት ይሠራ የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ።

«ለቅሶ ቤት ምድጃ አይለኮስም» አሉ እትዬ ፋጡ፤ የትኛው ኪታብ ላይ እንዳገኙት አላህ ይወቅ።

«ጓሮ ደግሞ ላንድሎርዱ አይፈቅድም» አለ ኢማድ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ሶ፣ ጋራዡ ውስጥ ጥግ ላይ ብናደርገውስ?»

«ይሁን። ጋራዡ ከቤት አይቆጠርም» አሉ እትዬ ፋጡ።

ሲቲና ብድግ አለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ገብቼ ልየው። ኢማድ፣ ቤንዚን አይሸትህም?»

«እኔ የምውለው ጋዝ ስቴሽን ነው፣ ሲቲዬ። አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ። ደሞ ያ ጋራዥ መቼ ሳይሸት ቀርቶ ያውቃል?» ትልቁን የጋዝ ምድጃ ተሸክሞ ወጣ።

«አንቺ ወዴት ነሽ?» እትዬ ፋጡ ቀሚሷን ያዙ። «ኢዳ፣ የባል ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከቤት ትወጣለች እንዴ?»

«ጋራዥ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«ጋራዡ ከቤት አይቆጠርም አልኩ!»

ያቺው አንዲት ፍርድ እሳቱን ጋራዥ አስገባች፣ መኪናዋን የምታውቀውን ብቸኛ ሰው ደግሞ አስቀረች። ሲቲና ተመልሳ ተቀመጠች። መከራከሩንም አልፈለገችውም፤ ሽታው የእሱ ነው ተብሏል፣ እሷም ይህንኑ ነው የምትፈልገው። ድስቱ መሬት ሲነካ ከውጭ ተሰማ።

ያኔ ፓምፑ ጀመረ። እዝዝዝዝ። እንደ ወትሮው ዝም አላለም። ቀጠለ።

ሩቅያ ትሪው ከእጇ አመለጣት። ብርጭቆው ሁሉ ተሰበረ፤ እሷ ግን ሁለት ዓይኗን ሲቲና ላይ ተክላ ቀረች። «ፍሪጁ አይደለም» አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ሲቲና ኪሷ ውስጥ ማሰሪያዋን ጨበጠቻት። የመጨረሻው ምሽት መጣባት። አብዱልሰመድ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሶፍቱን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ነበር። «ታንኩ ጋ ያለችው ማሰሪያ ታንጠባጥባለች» አላት። «ነገ ከሥራ ስመለስ አዲስ ማሰሪያ ይዤላት እመጣለሁ።» ገዝቶላታል። ይዞላት አልመጣም። እሷም ለቅሶው አደንዝዟት፣ ማሰሪያዋን ኪሷ ይዛ፣ ነገሩ ዛሬ ነው የተገለጠላት።

ስለዚህ ሽታው ሽታ ነው። ቤንዚን ብቻ ነው። አብዱልሰመድ የለም፣ ሄዷል፤ ኢማድ ደግሞ አሁን እሳት ሊለኩስ ነው።

ቀሚሷን ከአሮጊቷ እጅ መንጭቃ በባዶ እግሯ ሮጠች። «ያ አላህ፣ ያዟት!» የሚል ጩኸት ከኋላዋ ተሰማ።

ኢማድ ምድጃው ላይ አጎንብሷል፤ ክብሪቱ እጁ ላይ ነው።

«እንዳትለኩስ! ኢማድ! እንዳትለኩስ!»

እጁን መታችው፤ ክብሪቱ ተበተነ። የመኪናዋን ልብስ ገለበችው። ከታንኩ ሥር የጀመረው እርጥበት ሲሚንቶውን አጥቁሮ የምድጃው እግር ድረስ ደርሷል። ኢማድ አየው። ከሳሎኑ የሕፃናት ሳቅ ይሰማል፤ ቤቱ ሰው ሞልቶታል።

ምድጃውን አወጡ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ከሥር ባልዲ ደቀኑ፣ አሸዋ በትነው ጠረጉ። ሲጨርሱ ሲቲና ጠየቀችው፤ «ፓምፑን ማን ነካው? እንደዚያ ሲጮህ አልሰማህም?»

«የቱን ፓምፕ?»

«አሁን፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት!»

ኢማድ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ። የዳትሰኗ ባትሪ እዚያ ተቀምጧል፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ። «ከቀብር እንደተመለስን እኔ ነኝ የፈታሁት። ሲቲዬ፣ ይቺ መኪና ኤሌክትሪክ የሚባል የላትም።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሩቅያ ከበሩ ላይ።

እትዬ ፋጡ እያለከለኩ ደረሱ። ወለሉን አዩ። ባትሪውን አዩ። የመኪናዋን ኮፈን ደግሞ ብዙ ጊዜ አዩት፣ የሚያውቁት ፊት እንዳለበት ሁሉ።

«ሲቲናን ተዋት፣ ኢማድ። እዚሁ ትቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ጋራዡም ቤት ነው።»

ከዐስር ሶላት በኋላ ሽታው ወጥቶ ሲያልቅ ሲቲና ብቻዋን ገባች። ካቻቢቴውን አብዱልሰመድ ካስቀመጠበት አገኘችው። ከመኪናዋ ሥር ተንጋላ፣ የላላችውን ማሰሪያ አውጥታ አዲሷን አስገባች፣ እጇ እስኪያማት አጠበቀች። ከዚያ ፓምፑ እንዲጮህ ጠበቀች። ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ብትሰማ አትደነግጥም ነበር፤ እንዲያውም እንድትሰማ ለመነች። ምንም።

ኪሷ ውስጥ ካጨቀችው ሶፍት አንዱን አውጥታ መጋጠሚያውን ጠረገችና ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው።

«ደረቅ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ መሪው ላይ ለተቀመጠ ሰው።

ያንኑ ሶፍት ዓይኗ ላይ አደረገችው። ወዲያው ራሰ፤ ሌላ አወጣች።